አንድ ወንበር፣ ሁለት ተማሪ

የመሥሪያ ቤቱን ስልክ አንስቶ ዜሮን የተጫነ ሁሉ የሚያገኘው እሷን ነበር። ወጣቶቹ ሠራተኞች «እትዬ ዜሮ» የሚሏትም ለዚሁ ነው። ስሙን ለቀልድ ቢያወጡላትም አልተቀየመችም፤ እንዲያውም በሆዷ ትኮራበት ነበር። ክፍሏ ከደረጃው ሥር ያለች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ቁጥሮቹ ከመነካካት ብዛት የደበዘዙ የስልክ ማዞሪያ፣ በፕላስተር የተጠገነ የጆሮ ማዳመጫ፣ ወደ ግቢው የምታሳይ ትንሽ መስኮት። ከዚያ ሆና የተቆጣውን ወደ ቅሬታ ሰሚ፣ የጨነቀውን ወደ ሂሳብ ክፍል፣ ማንን እንደሚፈልግ ለራሱም ያልገባውን ደግሞ ሁለት ሦስት ቃል ጠይቃ ወደሚሆነው ቦታ ስትልክ ኖራለች። ሰው ገና አፉን ሲከፍት ጉዳዩ ይገባታል። «ጤና ይስጥልኝ፣ የደወልኩት ስለ...» ብሎ ሳይጨርስ አገናኝታው ሌላውን አንስታለች። በዚህ ሥራ የሚስተካከላት አልነበረም፤ ይህንንም አሳምራ ታውቀዋለች።

አንድ ቀን መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሚመልስ ስልክ ገዛ። «ለሂሳብ ክፍል አንድን ይጫኑ፣ ለቅሬታ ሁለትን ይጫኑ» የሚል፣ ጉንፋን የማይዘው፣ ፈቃድ የማይጠይቅ ድምፅ ነው። ተከላው እስኪያልቅ ግን እሷ በማዞሪያዋ ቆየች። በዚያው ሰሞን የመኪኖቹ ሥራ ለውጭ ድርጅት ተሰጠና የመሥሪያ ቤቱ ሾፌርም ቁልፉን አስረከበ። ይህ ሾፌር መንገድ ዳር የቆመች ድመት ካየ ገና ከሩቁ ፍሬን ስለሚይዝ «ጋሽ ፍሬን» የሚል ስም ወጥቶለታል። ከእትዬ ዜሮ ጋር እኩያሞች ናቸው፤ ሲገናኙ መተራረብ፣ ሲጠፋፉ መጠያየቅ የቆየ ልማዳቸው ነው።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ሁለቱንም አንድ ላይ አስጠራቻቸው። ገና ወጣት ናት፣ ክፉም አይደለችም፤ ደስ የማይል ነገር ስትናገር ግን ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ ማስተካከል ታበዛለች።

«በኮምፒውተር ድጋፍ ክፍል አንድ ወንበር አለ» አለቻቸው። «የጀማሪ ድጋፍ ሰጪ የምስክር ወረቀት ፈተና ላለፈ ሰው የሚሰጥ ነው። ሁለታችሁም ካለፋችሁ ብልጫ ያመጣው ይይዘዋል። ሌላው... በጡረታ ይሸኛል።»

«ሁለት ወንበር አይገኝም?» አለ ሾፌሩ።

«ያለው አንድ ነው። አዝናለሁ።»

«ኧረ እኔስ ለመቀመጫ ነው፣ ልጄ። ቆመን እኮ ነው የምታናግሪን።»

ኃላፊዋ ደንግጣ ወንበር አስመጣችላቸው።

አግብታ ሌላ ከተማ የምትኖረው የእትዬ ዜሮ ልጅ ነገሩን ስትሰማ ደስ አላት። «እማዬ፣ በቃሽ አሁን፤ ውጪና ዕረፊ» አለቻት በስልክ። እናትየው «እሺ የኔ ልጅ» ብላ ስልኩን ዘጋችና ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችው። ባሏ ካረፈ፣ ልጅቷም ካገባች ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ከማቀዝቀዣው ሞተር በቀር ድምፅ የሚያሰማ ነገር የለም። ከምንድን ነው የምታርፈው? ቀኑን ሙሉ የሰው ድምፅ ስትሰማ የኖረች ሴት ናት፤ ዝምታን ትፈራለች። ያቺን ወንበር የፈለገቻት ጠዋት ተነስታ ሰው ወደሚያናግራት ቦታ ለመሄድ ነው። አጥብቃ ፈልጋታለች።

ሾፌሩም የራሱ ጣጣ ነበረበት። ወገቡን ስለሚያመው ሐኪም ከመሪ ራቅ ብሎታል፤ ልጆቹ ደግሞ ገና ተማሪዎች ናቸው። እሱም የፈለጋት ከእሷ ባልተናነሰ ነው።

የሚገርመው አብረው ለማጥናት መስማማታቸው ነው። የድጋፍ ክፍሉ ሰዎች ያዋሷቸው መጽሐፍ አንድ ብቻ ነበር፤ ለሁለት አይቀደድ ነገር። ስለዚህ በምሳ ሰዓት በማዞሪያዋ ክፍል እየተገናኙ ማንበብ ጀመሩ፤ እሱ ዳቦ ይዞ ይመጣል፣ እሷ ሻይ በፔርሙስ ታመጣለች። ሰዉ ይህን አይቶ አላለፋቸውም። የሂሳብ ሠራተኛው በመስኮቱ ሲያልፍ አንገቱን አስግጎ «ጋሽ ፍሬን፣ ሻይዋን መጀመሪያ እሷ ትቅመስልህ» ይላል። ሾፌሩም «ዳቦውንም እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ እኩል ነን» ይለዋል። ሳቁ ሲያበቃ ሁለቱም ወደ መጽሐፋቸው ይመለሳሉ።

ሾፌሩ ዕቃው ላይ አይታማም። የተጣለ ኮምፒውተር ከዕቃ ቤት አምጥቶ ሆዱን ከፍቶ አሳያት። «ይቺ ኃይል የምታከፋፍለዋ ናት፤ እሷ ከሞተች ቁልፉን ብታዞሪም አይነሳም። ይኼ ማራገቢያው፤ እሱ ከቆመ ይግላል። ይቺ ሚሞሪ የምትባለዋ ሥራ የሚዘረጋባት ጠረጴዛ ናት፤ ሃርድ ዲስኩ ደግሞ ቁም ሣጥኑ። ጠረጴዛው ከጠበበ ሥራው ይንቀራፈፋል፣ ቁም ሣጥኑ ቢሰፋም አይረዳሽም።» እንዲህ ሲነግራት ገባት።

እሷ ደግሞ ቁጥር ላይ ትበልጠዋለች። ኢሜይሉ በዚህ ቁጥር በር ይወጣል፣ ድረ ገጹ በዚያ ቁጥር በር ይመጣል የሚለው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ሾፌሩ ራሱን ይዞ ተቀመጠ፤ እሷ ግን ሳቋ መጣ። የውስጥ መስመር እኮ ነው። ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ሰው ሰጠችለት። «ሃያ አምስት ደብዳቤ የምትልከዋ ጸሐፊ ናት በል። ሰማንያ በሩን ከፍቶ የሚያወራው ወሬኛ ነው። አራት መቶ አርባ ሦስት ያው ወሬኛው ነው፤ እሱ ግን ቆልፎ ነው የሚያወራው።» ሾፌሩ ከዚያ ወዲህ አልረሳቸውም።

ነገር ግን ፈተናው ስለ ዕቃና ስለ ቁጥር ብቻ አልነበረም። ብዙው ስለ ሰው ነው። «አንዲት ሠራተኛ ደውላ ፕሪንተሩ አልሠራ አለኝ ብትልህ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» ይላል። መጽሐፉ ለዚህ ተራ አለው። መጀመሪያ ትጠይቃለህ፤ ምን አየሽ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን የተለወጠ ነገር አለ? ከዚያ መንስኤውን ገምተህ ግምትህን ትሞክራለህ፣ ትጠግናለህ፣ መሥራቱን ታረጋግጣለህ። ሾፌሩ መጠየቅ የሚባል ነገር ትዝ አይለውም። «ኬብሉን እቀይራለሁ» ይላል። ኮምፒውተሩ ቀርፋፋ ሆነ ሲባል «ሚሞሪ እጨምራለሁ»፣ ኢንተርኔት ጠፋ ሲባል «ራውተሩን እነቅላለሁ» ይላል። ዕድሜውን በሙሉ ሞተር ባንኳኳ ቁጥር ኮፈን ከፍቶ ሲገባ የኖረ ሰው ነው፤ መኪና ደግሞ አይጠየቅም። የልምምድ ፈተናውን በወሰደ ቁጥር ይወድቃል፤ ለምን እንደሚወድቅ ግን አልገባውም።

እትዬ ዜሮ ገብቷታል። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው የገባት። «መጀመሪያ ጠይቅ» ብትለው በአንድ ቀን የሚስተካከል ነገር ነበር። አላለችውም። ዛሬ እነግረዋለሁ ስትል፣ ደግሞ ነገ ይሁን ስትል ሳምንቱ አለቀ፤ ሌላውም ተከተለ። የእሷም ውጤት ቢሆን ማለፊያው አፋፍ ላይ ደርሶ አልሻገር ብሏል፤ ምክንያቱን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው። የሾፌሩ ውጤት ግን ከእሷም በታች ስለነበረ ያጽናናት ነበር። መጽናናቷ ያሳፍራታል፤ እያፈረችም ትጽናና ነበር።

አንድ ቀን ሾፌሩ የልምምድ ፈተናውን ጨርሶ ውጤቱን አየና መነጽሩን አወለቀ።

«በቃ፣ ተይው» አለ። የተናደደ ሳይሆን የደከመው ሰው አነጋገር ነበር። «ለእኔ አልሆን ብሏል። ነገ ሄጄ ስሜን አሠርዛለሁ። ወንበሩ ላንቺ ይሁን፣ ቢያንስ ከሁለት አንዳችን እንትረፍ። ላንቺ ከሆነ ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው።»

እሷ የጆሮ ማዳመጫዋን ከአንገቷ አወረደች። «እሺ» ብትለው ነገሩ አልቆ ነበር። ማንም አያውቅባትም፤ ራሱ ነው መርቆ የሰጣት። ስልኩ ጮኸ፤ ሳታነሳው ቆየች፤ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ።

«ቁጭ በል» አለችው።

«ተቀምጫለሁ እኮ።»

«እንግዲያው አትነሳ። የምትወድቀው ስለማታውቅ አይደለም፤ ሰውየውን ስለማትጠይቀው ነው።»

«የትኛውን ሰውዬ?»

«ፕሪንተሩ አልሠራ አለኝ የሚልህን። ምን ሆነህ ነው ሳትለው ኮፈን ትከፍታለህ። ምናልባት ወረቀት አልቆበት ይሆናል፤ ምናልባት ትናንት ጠረጴዛ ሲያዛውሩ ገመዱ ተነቅሎ ይሆናል። ገና ምንም ያልተጠየቀ ሰው ካየህ፣ መጀመሪያ ጠይቀው።»

ሾፌሩ መነጽሩን መልሶ አደረገና የተሳሳታቸውን ጥያቄዎች ከላይ ጀምሮ ያነባቸው ጀመር፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«አይ እኔ» አለ በመጨረሻ። «ሚስቴ ስንት ዘመን የምትጮኽብኝን ነገር መጽሐፍ ላይ ጽፈውት ኖሯል።»

በማግስቱ ልምምዱን አለፈ። ቀጥሎ ሲሞክር ደግሞ ከእሷ በለጠ። ደስም አላት፣ ከፋትም፤ ሁለቱም እውነተኛ ስሜቶች ነበሩ።

«አሁን ተራው ያንቺ ነው» አላት። «መጽሐፉን ስጪኝ፣ እኔ ላንብብ አንቺ መልሺ። ሞተር በጆሮ ነው የሚታወቀው።»

ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ያነብላት ጀመር። «አንድ ሠራተኛ የይለፍ ቃሉን ከቀየረ ወዲህ ስልኩ ላይ ኢሜይሉ አልከፈት ብሎታል። ጠይቀኸው ይህን አውቀሃል። ቀጥሎ ምን...»

«ለከፍተኛ ባለሙያ አስተላልፋለሁ።»

«ምርጫዎቹን ገና አልጨረስኩም።»

«ይኸው ነው መልሱ።»

ሾፌሩ ገጹን ገለጠ። «የአንዲት ሠራተኛ ስክሪን ጨልሟል። ስትጠይቃት ገመዱ እንደላላ ነገረችህ። ቀጥሎ...»

«አስተላልፋለሁ።»

«ገመዱ ላልቷል እያለችሽ?»

እትዬ ዜሮ ጎንበስ ብላ ጥያቄውን ራሷ አነበበችው።

«አንቺ ጠይቀሽ ታስተላልፊያለሽ» አለ ሾፌሩ በእርጋታ። «ሰውየው ምን እንደሆነ ከሁሉም በፊት ይገባሻል። መልሱ እጅሽ ላይ ነው። ከዚያ አንስተሽ ለሌላ ትሰጪዋለሽ። በማዞሪያ ሥራ ልክ ነሽ፤ እዚያ ክፍል ግን ስልኩ አንቺ ጋ ነው የሚያርፈው። የሚደወለው ላንቺ ነው።»

ይህ ቃል ውስጧ ገባ። ስንት ዘመን ስልክ ስታነሳ ኖራ አንድ ሰው እንኳ እሷን ብሎ ደውሎ አያውቅም፤ ሁሉም በእሷ በኩል ወደ ሌላ አላፊ ነበር። የሚደወልላት ሰው መሆን ትችል እንደሆነ አስባ አታውቅም ነበር፤ አሁን ስታስበው ፈራችው፣ ደግሞም ጓጓች።

«ቀደም ብዬ ሰምቼው ቢሆን ያኔውኑ እነግርሽ ነበር» አለ ሾፌሩ። «የራሴ ጣጣ ይዞኝ ነው፤ ይቅርታ።»

ይቅርታ ማለቱ ነው የጨረሳት።

«እኔ ያንተን አውቄ ነበር» አለች። «ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ።»

ሾፌሩ መጽሐፉን ዘጋው፤ አንድ ጣቱን ግን በገጹ መሐል ተወው። በመስኮቱ ወደ ግቢው አየ። ለሌላ ሰው የተሰጠችው የድሮ መኪናው በዚያ ቆማለች፤ ጎማዋ ትንሽ ቀንሷል።

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?» አለ ቆይቶ።

«አላስቻለኝም።»

«እኔ ብሆን እስከ ፈተናው ማግስት ትንፍሽ አልልም ነበር።»

ቅድም ካለው ጋር የማይገጥም፣ ዓይን ያወጣ ውሸት ነበር፤ ሁለቱም ያውቃሉ። እሷ ግን ለዚህች ውሸቱ ስትል ሰውየውን እንደ ወንድሟ ወደደችው። «በል አንብብ» አለችው፤ እሱም ጣቱን ካስቀመጠበት ገጽ ቀጠለ።

የፈተናው ቀን ሁለቱም የክት ልብሳቸውን ለብሰው ሄዱ፤ ኮምፒውተሩ የሚያያቸው ይመስል። የፈተናው ክፍል በሰሌዳ የተከፋፈለ፣ አየሩ የቀዘቀዘ፣ ወንበሩ ሲጢጥ የሚል ክፍል ነው። ተቆጣጣሪው የእጅ ሰዓታቸውን ሳይቀር አስወልቆ በየቦታቸው አስቀመጣቸው። እትዬ ዜሮ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ መመለስ ጀመረች። መሐል ላይ አንድ ጥያቄ መጣ፤ ሰውየው ተጠይቋል፣ ችግሩ ታውቋል፣ «አስተላልፍ» የሚለው ምርጫ ከላይ ተቀምጧል። ጣቷ ወደዚያ ሄደ። «ስልኩ አንቺ ጋ ነው የሚያርፈው» አለች በልቧ፤ ዝቅ ብላ ሌላውን መረጠች። ስትጨርስ ውጤቱ እዚያው ስክሪኑ ላይ ወጣ። አልፋለች። ዓይኗን አላምን ብላ ተቆጣጣሪውን ጠራችውና «አለፍኩ ነው የሚለው አይደል?» አለችው፤ እሱም አዎ ብሎ አረጋገጠላት።

ውጭ ካለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ ሾፌሩን ጠበቀችው። ፊቱን አኮሳትሮ ወጣ።

«አለፍሽ?»

«አለፍኩ። አንተስ?»

«አለፍኩ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ጥያቄ ማንም ሊጠይቅ አልፈለገም። በመጨረሻ የታተመላቸውን ወረቀት ተቀያየሩ። የሾፌሩ ይበልጣል፤ በጥቂት ነጥብ፣ ግን ይበልጣል።

«ከፋኝ» አለች።

«ይክፋሽ እንጂ። እኔ ብሆን አለቅስ ነበር።»

«አትዋሽ።»

«ይኼን እንኳ አልዋሸሁም» አለና አጠገቧ ተቀመጠ። አውቶብሱን አብረው ጠበቁ።

በአውቶብሱ መስኮት ውጭ ውጭውን እያየች ነገሩን በልቧ አገላበጠችው። አፏን ይዛ ቢሆን ኖሮ ሾፌሩ ስሙን ያሠርዝ ነበር፤ ወንበሩም የእሷ ይሆን ነበር። ደግሞ እሱ ባይኖር ማን ሰምቶ ስህተቷን ይነግራት ነበር? ብቻዋን ገብታ ትወድቅ ነበር ይሆናል። ይህ ሐሳብ ትንሽ አጽናናት፤ ብዙ ግን አላጽናናትም። ተጸጽታ እንደሆነ ራሷን ጠየቀች፤ መጸጸቱ አለ። የለም ብላ ራሷን አላታለለችም።

ማዞሪያው ሊነቀል ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት ስልክ እስኪጠራ መጠበቋን ትታ ራሷ ደወለች። የማዞሪያ ሴቶች እርስ በርስ በድምፅ ይተዋወቃሉ። ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም፤ ያም ሆኖ አንዷ ስታዝን ሌላዋ ከ«አቤት» አባባሏ ታውቅባታለች። የደወለችው ለትልቁ ሆስፒታል ነበር።

«እንዴት አደርሽ፣ ዛሬ ለማን ላገናኝሽ?» አለች የሆስፒታሉ የማዞሪያ ሴት።

«ለሰው ኃይል ክፍል። ዛሬስ ለራሴ ነው። የኮምፒውተር ድጋፍ ፈተና አልፌያለሁ፤ እናንተ ጋ ቦታ ካለ ልጠይቅ ብዬ ነው።»

ከወዲያ በኩል ዝም ተባለ። መስመር ሲቋረጥ ያለው ዝምታና ሰው ቃል ሲያጥረው ያለው ዝምታ ለየቅል ናቸው፤ ይኼኛው ሁለተኛው ነበር።

«ቦታስ አለ» አለች የሆስፒታሏ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን አንድ ነው። የእኛም ማዞሪያ ሊነቀል ነው መሰለሽ፤ እኔም እሱን ብዬ እያጠናሁ ነው። ልምምዱን ስንቴ ወሰድኩት፤ ማለፊያው አፋፍ ላይ ደርሼ እመለሳለሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ።»

እትዬ ዜሮ የጆሮ ማዳመጫውን ወደ ጆሮዋ ጫን አደረገችው። ለምን እንደሆነ መገመት አላቃታትም። ቢሆንም መጀመሪያ ጠየቀቻት።

«ሰውየው ችግሩን ከነገረሽ በኋላ ቀጥሎ ምን ታደርጊያለሽ ሲሉሽ፣ ምን ብለሽ ነው የምትመልሺው?»

«ለባለሙያ አስተላልፋለሁ ነዋ። ሌላ ምን አለ?»

እትዬ ዜሮ ይህን ጊዜ ለነገ አላለችም። «እንግዲያው ስሚኝ» አለቻትና የላላውን ገመድ፣ የተቀየረውን የይለፍ ቃል፣ ስልኩ የሚያርፍበትን ቦታ አንድ በአንድ ነገረቻት። የሆስፒታሏ መጀመሪያ «ውይ» አለች፤ ከዚያ ሳቀች።

«ይኼን ለምን ነገርሽኝ?» አለች። «ቦታው አንድ ነው እያልኩሽ።»

«ሰምቻለሁ።»

«እና አሁንም ላገናኝሽ?»

«አገናኚኝ እንጂ» አለች እትዬ ዜሮ። «እኔም እኮ ሥራ ፈላጊ ነኝ።»

መስመሩ ጠቅ አለ። ስልኩ ወዲያ ማዶ መጥራት ጀመረ፤ እሷም እስኪነሳ ድረስ ጠበቀች።